ስለ ጮቄ ተራራና ስለ እግር መንገዱ

ልጆች ሆይ፤ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያላችሁ ሁሉ ማለዳ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ ራሱን ጉም የጠመጠመ ሰፊ ተራራ ታያላችሁ። ስሙ ጮቄ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ተራራ ዕለት ዕለት ያየዋል፤ ነገር ግን ከምን እንደ ተሠራ፥ ውኃው ከየት እንደሚመነጭ፥ በላዩም የሚያልፈው መንገድ ስለ ምን እንደሚጠማዘዝ አይጠይቅም። ዓይን የለመደውን ነገር ልብ አይመረምረውምና። እኛ ግን ዛሬ ከግርጌው ተነሥተን እስከ ራሱ ድረስ በትምህርት እንወጣለን። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ዳገት በሩጫ አይወጣምና።

፩ የጮቄ ስፍራ

የጎጃም ምድር በዓባይ ወንዝ የተከበበ ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ከወጣ በኋላ በምሥራቅ፥ በደቡብና በምዕራብ በኩል ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። በዚህ ቀለበት ውስጥ ጮቄ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

የደብረ ማርቆስ ከተማ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የቀድሞ ስሙ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተቀምጠው ይገዙ ነበር፤ ከተማውም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ይህ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። የጮቄ ራስ ግን ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከደጀን በታች ያለው የዓባይ ሸለቆ ወለል ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከዓባይ ዳር ተነሥቶ ጮቄ ላይ ቢደርስ 3,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ከታች ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፤ ከላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

፪ ድንጋዩ እንዴት ተሠራ

የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንዲህ ይላሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአገራችን ምድር ረጃጅም ስንጥቆች ተከፈቱ። ከስንጥቆቹም የቀለጠ ድንጋይ እንደ ወንዝ ገንፍሎ ሜዳውን ሸፈነ። የመጀመሪያው ሲበርድና ሲጠነክር ሌላ መጣ፤ ያም ሲጠነክር ሌላ ተደረበበት። እናታችሁ እንጀራ ጋግራ በመሶብ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ እንደምትደራርብ እንዲሁ ድንጋዩ ተደራረበ። ውፍረቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥበት ስፍራ አለ። ይህ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ባዛልት ይባላል።

ከዚህ በኋላ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ጮቄ እሳተ ገሞራ ሆኖ ተነሣ። ቅልጡ ድንጋይ ቀጭን ስለ ነበረ ወደ ሩቅ ፈሰሰ እንጂ በአንድ ስፍራ አልተቆለለም። ስለዚህ ጮቄ እንደ ጦር የሾለ አይደለም፤ በምድር ላይ የተደፋ ጋሻ ይመስላል። የግርጌው ስፋት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እሳቱ ግን ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለዚህ ማንም አይፍራ።

ድንጋዩ በጥንት ዘመን ፈሳሽ እንደ ነበረ ምን ምልክት አለ? ብላችሁ ብትጠይቁ ምልክቱ በገደሉ ላይ ይታያል። የባዛልት ገደል በብዙ ስፍራ በሰው እጅ የተጠረበ ምሰሶ የተደረደረበት ይመስላል። ይህን ሰው አልጠረበውም። በበጋ ወራት ረግረግ ሲደርቅ ጭቃው እየጠበበ ሲሰነጣጠቅ አላያችሁምን? ስንጥቁም አምስትና ስድስት ማዕዘን ያወጣል። የቀለጠው ድንጋይም እንዲሁ ሲበርድ ጠበበ፤ ሲጠብም ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም ከላይ እስከ ታች ወርዶ ምሰሶ ሠራ። እንዲህ ያለ ድንጋይ በህንድ አገር በደካን ምድር፥ በአየርላንድም ባሕር ዳርቻ ይገኛል። እግዚአብሔር በጎጃም የሠራበትን ሕግ በሌላም አገር ሠርቶበታል።

፫ ደረጃውና ምንጩ

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ዓይነት ድንጋይ «ትራፕ» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ደረጃ ማለት ነው። ስሙ የተገባ ነው። ድንጋዩ የተደራረበ ስለ ሆነ ውኃና ነፋስ ሲበሉት ጠንካራው ንብር ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ልሙ ንብር ግን ተሸርሽሮ ሜዳ ይሆናል። ገደል፥ ከበላዩ ሜዳ፤ ደግሞ ገደል፥ ከበላዩ ሜዳ፤ እንዲህ እያለ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ይወጣል። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በላይ ጥቁሩ የባዛልት ደረጃ አለ፤ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ዓባይ ምድሩን ቈርጦ የውስጡን ምሥጢር እንደ መጽሐፍ ገልጦ አሳይቶናልና።

በአንዱ ንብርና በሁለተኛው መካከል አልፎ አልፎ ቀይ አፈር ይገኛል። ይህ በሁለት ፍሰቶች መካከል የነበረ የጥንት አፈር ነው፤ በላዩ የፈሰሰው ትኩስ ድንጋይ እንደ ሸክላ አቀላው። ይህን ቀይ መስመር በገደል ላይ ስታዩ ልብ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ምንጭ በአጠገቡ አለና። ምክንያቱም ይህ ነው። የክረምት ዝናብ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ይሰርጋል። ወደ ሸክላው አፈር ሲደርስ ግን ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ እግር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አባቶቻችንም ይህን በማየት ቤታቸውን በደረጃው ሜዳ ላይ፥ ከምንጩ አጠገብ ሠሩ።

ከጮቄ ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ። ጨሞጋ፥ ጀደብ፥ ሙጋ፥ ሱሃ፥ ተምጫ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁሉም በመጨረሻ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ተራራው ክረምት የሰጠውን ውኃ ተቀብሎ በአንድ ቀን አያባክነውም፤ በሆዱ አኑሮ በበጋ ጥቂት በጥቂት ያወጣዋል። ጠቢብ ገበሬ እህሉን በጎተራ አስቀምጦ እስከሚቀጥለው መከር እንደሚቈጥብ፥ ጮቄም የጎጃም የውኃ ጎተራ ነው።

፬ ከታች ወደ ላይ ሲወጡ የሚታየው

ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጎጃም ምድር ከቆላ እስከ ውርጭ በደረጃ የተከፈለ ነው።

በዓባይ ሸለቆ ቆላ አለ፤ በዚያ ማሽላ ይዘራል። ከቆላው በላይ ወይና ደጋ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ለም አፈር ይሆናልና በደጀንና በቢቸና ሜዳ መልካም ጤፍ ይበቅላል። ከዚያ በላይ ደጋው ይመጣል፤ ስንዴ፥ ባቄላ፥ ገብስ ይዘራበታል፤ ቀርከሃም ይተከላል። ከደጋው በላይ ወደ ውርጭ ሲቀርቡ ጤፍ አይታሰብም። ሰው ድንችና ገብስ፥ እንግዶም ይዘራል፤ በብርድ ምክንያትም ባና ይለብሳል።

በከፍተኛው ስፍራ አስታ የሚባለው ቍጥቋጦና ጓሳ የሚባለው ሣር አለ። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይጠቅማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጅብራ ነው። ጅብራ እንደ ዘንባባ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል ነው፤ ራሱ ላይ ሰፋፊ ቅጠል አለው። ብዙ ዓመት በብርድ ውስጥ ታግሦ ያድጋል። በመጨረሻም ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ አንድ ረጅም አበባ ያወጣል፤ ዘሩንም በትኖ ይሞታል። በዕድሜው ሁሉ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድን ጅብራ በዋዛ የቈረጠ ልጅ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ቈረጠ።

፭ ስለ መንገዱ

በጮቄ ዙሪያ ብዙ የእግር መንገድ አለ። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ አልፎ፥ ተራራውን ተሻግሮ፥ በድጓ ጽዮን በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደው ከእነርሱ አንዱ ነው። ዛሬ መኪናም በዚህ አቅጣጫ ያልፋል፤ ቢሆንም ገበያተኛው፥ ካህኑ፥ ተማሪውና እረኛው አሁንም በእግር መንገዱ ይሄዳሉ። ተራራውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም በዚሁ መንገድ ይመራል። የጮቄ ተራሮች መንደር በ2015 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው መልካም የቱሪዝም መንደሮች ጋር ተቈጥሯል።

እነዚህን መንገዶች በወረቀት ላይ የነደፈ መሐንዲስ የለም። የሠራቸው የሰውና የበቅሎ እግር ነው። ነገር ግን ያለ ጥበብ የተሠሩ አይምሰሏችሁ። ጥበባቸው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ መንገዱ በሸለቆ ውስጥ አይሄድም፤ በሸንተረር ላይ ይሄዳል። ሸለቆው በክረምት ጎርፍ ይሞላዋል፤ ከሸንተረሩ ላይ ግን ሩቅ ይታያል፤ እግርም አይሰምጥም።

ሁለተኛ፤ ወደ ገደል ሲደርስ በር ይፈልጋል። በር ማለት ገደሉ ፈርሶ ማለፊያ የሰጠበት ስፍራ ነው። ከአንዱ በር እስከ ሌላው ለመድረስ መንገዱ ረጅም ሜዳ ይዞራል። ደረጃ ያለው ተራራ ስለ ሆነ በሩን ያጣ ሰው አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ታች መውረድ አይችልም።

ሦስተኛ፤ በዳገት ይጠማዘዛል። የተጫነ አጋሰስ ቀጥ ያለ ዳገት ቢወጣ ይደክማል፤ ጭነቱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሲጠማዘዝ ግን ርቀቱ ቢጨምርም ድካሙ ይቀንሳል።

አራተኛ፤ ምንጭና መሻገሪያ ባለበት ያልፋል። መንገደኛ ውኃ ይጠጣል፤ ወንዙንም በጠበበው ሳይሆን ውኃው ሳሳ ብሎ በሰፋበት ይሻገራል፤ ወንዝ በጠበበበት ይጠልቃልና።

መንገድ ሲሰበር ምን ያህል ጉዳት እንደሚሆን ሰባራ ድልድይ ያስተምረናል። ይህ ድልድይ ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ የተሠራ ነው። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን መንገደኛው በገመድ ተጎትቶ ይሻገር ነበር። የጎደለው መካከሉ ብቻ ነበር፤ ስለዚያ ጉድለት ግን ስንት ሰው ነፍሱን በገመድ ላይ አንጠለጠለ!

ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው ማለዳ ይነሣ። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘው እርጥበት ጉም ይሆናል። ስለዚህ ጧት ጥርት ብሎ የታየው ተራራ ከቀትር በኋላ በጉም ይሸፈናል። በክረምት በረዶም ይወርዳል። እንግዲህ ሰው ያለ ልብስ፥ ያለ ስንቅ፥ ያለ ባልንጀራ አይውጣ።

፮ በልጅነቴ የሆነ ነገር

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስናገረው አፍራለሁ፤ ነገር ግን ይጠቅማችኋልና አልደብቀውም።

እኔ የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ጮቄን ተሻግረን ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ልንሄድ ተነሣን። ወሩ ጥቅምት ነበር። እርሱ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ያልሁትንም ሁሉ ያምነኝ ነበር። በትከሻችን አኩፋዳ፥ በላያችን ደበሎ፥ በእጃችን በትር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረንም። ሌሊቱን በአንድ ሽማግሌ ቤት አደርን። የተቀቀለ ድንች አበሉን፤ ለመንገዳችንም የገብስ ቆሎ ቋጠሩልን። ሲሸኙንም እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፤ መንገዱ ከጅብራው ሜዳ ሲደርስ ወደ ግራ ዞሮ ይርቅባችኋል። ረዘመ ብላችሁ እንዳትለቁት። ጉም ቢወርድባችሁ ካላችሁበት ተቀመጡና እስኪገለጥ ቆዩ። ውኃ ግን አትከተሉ።»

እኔም «እሺ አባቴ፤ እግዜር ይስጥልን» ብዬ እጅ ነሣሁ። አፌ እሺ አለ፤ ልቤ ግን አልሰማም።

ከቀትር በኋላ ከጅብራው ሜዳ ስንደርስ ጉም ወረደ። አሥር እርምጃ የራቀ ነገር አይታይም ነበር። ባልንጀራዬ «እንቀመጥ፤ ሽማግሌው እንዲህ ብለውናል» አለኝ። እኔ ግን ብርዱ አስቸኰለኝ። በአጠገባችን አንዲት ትንሽ ጅረት እየዘመረች ትወርድ ነበር። «ውኃ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በቆላ ሰው አለ፤ ስለዚህ ውኃውን ብንከተል ከሰው ቤት እንደርሳለን» አልሁት። ነገሩ ብልህ ሰው የተናገረው ይመስላል። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «አንተ ካልህ እሺ» አለኝ።

በመጀመሪያ መልካም ነበር። ሣሩ ለስላሳ፥ ቁልቁለቱም ቀላል ነበርና ሳቅን። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የሚባለውን ሰምታችኋል፤ እኛ እርሱን በዓይናችን አየነው። ጅረቲቱ በድንገት ድምፅዋ ተለወጠ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ ባልንጀራዬ ፊት ነበረ። ድንጋዩ በሽበት ተሸፍኖ ያዳልጥ ነበር። «ቁም!» ብዬ ሳልጮኽ እግሩ ከዳው፤ ከፊቴም ጠፋ።

ውኃው ከገደል የሚወረወርበት ስፍራ ነበር። ለውኃ ገደል መንገድ ነው፤ ለሰው ግን መንገድ አይደለም። እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ሽማግሌው ያውቁ ነበር።

በገደሉ ጎን እየዳበስሁ፥ በእጄና በጉልበቴ ወርጄ አገኘሁት። በሚቀጥለው ደረጃ ላይ ወድቆ ነበር። እግሩ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን አለች። ደበሎዬን አውልቄ በላዩ ደረብሁለት። ልሸከመው ሞከርሁ፤ ሲጮኽ ተውሁት። ትቼው ልሄድ አልቻልሁም፤ ብሄድም ወዴት? ጨለማው መጣ። ብጮኽ ድምፄ ተዘጋ። በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብሁ፤ ጩኸት ጉሮሮን ፈጥኖ ይዘጋል፤ ዜማ ግን ይቆያል። ስለዚህ ከየኔታ የተማርሁትን ዜማ ሁሉ አንዱን ስጨርስ ሌላውን እየጀመርሁ ከፍ አድርጌ አዜምሁ። ባልንጀራዬም በተጎዳበት ተኝቶ ሳለ የረሳሁትን ያስታውሰኝ ነበር።

እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የውሻ ድምፅ ሰማን። እረኞች ዜማውን ሰምተው «በዚህ ገደል የሚቀድስ ማን ነው?» እያሉ ችቦ ይዘው መጡ። ከእነርሱም ጋር ያ ሽማግሌ መጡ። ቃሬዛ ሠርተው ባልንጀራዬን ተሸከሙት። ሽማግሌው አልቈጡኝም፤ ነጠላ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ እንጂ። ያን ጊዜ ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲነጋ በዚያው ረጅም ነው ባልነው መንገድ ስንሄድ ጉሙ ተገለጠ። አየሁም። ገደሉ ከዳር እስከ ዳር እንደ ቅጥር ቆሟል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ አንድ ስፍራ ብቻ ፈርሶ ለእግር ማለፊያ ሰጥቷል፤ መንገዱም ወደ ግራ የዞረው እርሱን ፍለጋ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ተመልክተው «ልጄ፤ ይህን መንገድ ያጠማዘዘው ስንፍና አይደለም፤ ከእኛ በፊት የወደቁትን ያዩ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

ወጌሻ የባልንጀራዬን እግር ጠገነው፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። አንድ ቀንም «በአንተ ምክንያት ነው» ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም አብረን ዳገት ስንወጣ እርምጃዬን ከእርምጃው ጋር አስተካክላለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ካሣ አላገኘሁም።

፯ ውኃም ሲቸኩል ይጎዳል

በችኰላ የሚጎዳ ሰው ብቻ አይደለም። በጮቄ ደረት ላይ ቀድሞ አስታና ጓሳ የነበረበት ብዙ ስፍራ ዛሬ ታርሷል። ሣር የለበሰ ተራራ የዝናቡን ውኃ እያዘገየ ወደ ምድር ያስገባዋል። የተራቈተ ተራራ ግን ዝናቡን ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ውኃው ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በበጋም ምንጩ ይነጥፋል። ከላይ የታጠበው አፈር በጨሞጋና በሙጋ፥ በሌሎቹም ወንዞች አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ በዓባይ ላይ ነውና፥ ከጮቄ የሚወርደው ደለል ወደዚያ ያቀናል። እንግዲህ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሚሆነው ነገር ለአገር ሁሉ እንደሚተርፍ እዩ።

መድኃኒቱ ምንድር ነው? ለሰው እንደ ሆነው ለውኃም ነው፤ ረጅሙን መንገድ ማስያዝ ነው። ገበሬ በቁልቁለት ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ ውኃው ቀጥ ብሎ እንዳይሮጥ ደረጃ ይሰጠዋል። ውኃውም በየደረጃው ጥቂት ያርፋል፤ ሲያርፍም አፈሩን ይተዋል፤ ወደ ምድርም ይገባል። እግዚአብሔር ተራራውን በደረጃ እንደ ሠራው ሰውም እርሻውን በደረጃ ይሥራ። አንድ ሰው ብቻውን እርከን ቢሠራ ከላይ ካለው ማሳ የሚመጣው ጎርፍ ያፈርስበታል፤ ጎረቤቶች ተባብረው ቢሠሩ ግን ይጸናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና።

መንገደኛም የራሱ ሥራ አለው። ብዙ ሰው የመንገዱን ጠምዛዛ እየቈረጠ ቀጥ ብሎ ቢወርድ፥ እግሩ የረገጠው ሣር ይሞታል፤ በክረምትም ጎርፍ በዚያ ይገባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የአቋራጭ ፈለግ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ በመንገዱ ሂዱ። ከመንገዱ ላይ ድንጋይ ብታገኙ ወደ ጎን አንሡት፤ ከእናንተ በኋላ በጨለማ የሚመጣ አለና። ጅብራውን አትቍረጡ፤ ምንጩንም አታደፍርሱ።

ምክር

ልጆች ሆይ፤ ታላላቆቻችሁ ያስተማሯችሁ መንገድ ሲረዝምባችሁ «ይህ ስለ ምን ይዞራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መልካም ነው፤ ምክንያቱን ሳታውቁ መተው ግን ክፉ ነው። ትምህርትም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ሳያጠና ወደ ንባብ የሚዘል፥ ንባቡንም ሳያጠና ወደ ትርጓሜ የሚዘል ልጅ አለ፤ እርሱ ደረጃውን ትቶ ከገደሉ ጋር የሚታገል ነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተሰበረ አጥንት ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ደግሞም ይህን አስቡ። እናንተ በመንገድ ላይ ፊት ስትሄዱ ከኋላችሁ የሚያምናችሁ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አለ። የእናንተ ስሕተት በእናንተ ላይ ብቻ አይወድቅም። ስለዚህ ለራሳችሁ እንኳ ባትፈሩ «አንተ ካልህ እሺ» ለሚላችሁ ፍሩለት።

የቃላት ትርጓሜ

ንብር፦ አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፈ ነገር።
ሸንተረር፦ የተራራ ጀርባ፥ ረጅም ሆኖ ከፍ ያለ ስፍራ።
በር፦ በገደል ወይም በተራራ መካከል ያለ ማለፊያ።
አጋሰስ፦ የጭነት ከብት።
አኩፋዳ፦ ተማሪ የለመነውን እህልና ምግብ የሚይዝበት።
ደበሎ፦ ከበግ ቆዳ የተሠራ ልብስ።
ቃሬዛ፦ የታመመ ሰው የሚሸከሙበት የእንጨት አልጋ።
ወጌሻ፦ የተሰበረና የወለቀ አጥንት የሚጠግን ሰው።
እርከን፦ በቁልቁለት እርሻ ላይ አፈርና ውኃ እንዲይዝ የሚሠራ ደረጃ።

ጥያቄ

፩ ጎጃምን የከበበው ወንዝ ማን ነው? በየትኛውስ በኩል ይከባል?
፪ ጮቄ ስለ ምን እንደ ጦር ሳይሾል እንደ ጋሻ ሰፋ?
፫ በገደል ላይ የሚታየው ቀይ መስመር ምንድር ነው? ምንጭስ ስለ ምን በአጠገቡ ይወጣል?
፬ ከጮቄ የሚወርዱ የአራት ወንዞችን ስም ጻፉ።
፭ ጉም በጮቄ ላይ ከቀትር በኋላ የሚወርደው ስለ ምንድር ነው?
፮ ተማሪው «ውኃውን እንከተል» ሲል ምን አስቦ ነበር? አሳቡ የተሳሳተው በምን ላይ ነው?
፯ መንገዱ ወደ ግራ የዞረው ምን ፍለጋ ነበር?
፰ እርከንና ጠምዛዛ መንገድ በምን ይመሳሰላሉ?
፱ ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ልብ ብላችሁ እዩ። የሚዞርበት ስፍራ ካለ ምክንያቱን ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።